ጉልበቱን ሦስት ጊዜ

ማክሰኞ፣ ጥር 16

ጥፋተኛው ወንድሜ ነው፤ መሪጌታ ልሳነወርቅ። ሌላ ሰው አላማም። ስሙን በገዛ እጄ ጻፍሁት። በዚህ ወር እንዲህ ደስ ያለኝ ነገር የለም።

የልጄን የሙሉቀንን ስም ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ጽፎ ያዘ። ያን ሰሞን መሪጌታ ሹም አቦ ካለው ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «እቴ፣ አእምሮውን የታመመ አይወስዱም። የታመመ ይምሰልና ጠበል እናስገባው» አለኝ። የተማረ ነው። እሱ ቅኔ ቤት ሲገባ እኔ ውኃ ስቀዳ ነበር። ፊደል የቆጠርሁት በሃምሳ ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ከአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነው። ስለዚህ አመንሁት።

ለልጄ ያስተማረው ይህን ነው፦
ሲጠሩህ በመጀመሪያው ጥሪ አትዙር።
ጠበሉ ሲነካህ ሳቅ።
ማን ነህ ሲሉህ «ከባሕሩ ነው የመጣሁ» በል።

አራተኛውን እኔ ጨመርሁ። ደኅና መሆኑን እንዳውቅ፣ ሲያየኝ ጉልበቱን በጣቱ ሦስት ጊዜ ይምታ። እኔም ጉልበቴን ሦስት ጊዜ መትቼ እመልስለታለሁ።

ሐይቁ ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ጎጆ ሰጥተውን ከተቀመጥን አርባ ቀን ሊሆነን ነው። ዛሬም መታ። መለስሁለት። ኪዳነ ምሕረት ትመስገን።

ይህን ደብተር የማኖረው በሽሮው ከረጢት ውስጥ ነው። ቢገኝ ሁለታችንም አለቅን።

ረቡዕ፣ ጥር 17

ነፋስ ነበር። ሐይቁ ቀኑን ሙሉ ከደንገሉ ሥር ሲያንሾካሹክ ዋለ።

ጠዋት ጠበል ወረድን። አባ ገብረ ኢየሱስ ሲያጠምቁት ሳቀ። የመሪጌታ ትምህርት ነው። አባ መስቀሉን ግንባሩ ላይ አድርገው «ማን ነህ?» አሉት። «ከባሕሩ ነው የመጣሁ» አለ። ይህም የመሪጌታ ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብሎ፣ «ስንት እንደሆንን አይጠይቁኝም?» አላቸው።

ይህን ማንም አላስተማረውም።

ጎጆ ገብተን ብቻችንን ስንሆን «ማን በል አለህ?» አልሁት። ውኃውን አየ። ጉልበቱን ሦስት ጊዜ መታ። መለስሁለት። ትምህርት ቤት ሳለ ቴያትር ይሠራ ነበር፤ ከራሱ ጨምሮ ይሆናል። ይሆናል ነው የምለው።

ሐሙስ፣ ጥር 18

ቆሎ ላቀብለው ከጎጆው ጀርባ ሄድሁ። ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ተቀምጧል። መምጣቴን አላየም። ጉልበቱን ይመታል። ሦስት፤ ያርፋል። ሦስት፤ ያርፋል። ሲያርፍ ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል። ከዚያ መልስ እንደደረሰው ሰው ራሱን ይነቀንቃል።

የሚመልስለት እኔ ነበርሁ። እኔ ግን ከኋላው ነኝ።

ቆሎውን መሬት ላይ አስቀምጬ ተመለስሁ። ማልቀስ እንኳ አልመጣልኝም።

ጎረቤታችን የሻሽ ባሏን ልታስታምም ከመጣች ስድስተኛ ወሯ ነው። ባሏ ደግ ሰው ነው፤ ግን ወደ ውኃው እየሮጠ ስላስቸገረ በሰንሰለት ነው ያለ። ዛሬ እየሳቀች መጣች። «እትዬ አበዙ፣ ልጅዎ ጥሩ አስተማሪ ወጣው! የእኔ ሰውዬ ስሙን ረስቶ የሙሉቀንን ምት አልረሳም» አለችኝ። ሄጄ አየሁ። ሰንሰለቱ ሦስት ጊዜ ቃጨለ። አረፈ። ሦስት ጊዜ ቃጨለ።

ዓርብ፣ ጥር 19፣ ገብርኤል

ቅዳሴው ሲወጣ ጠበልተኞች ግንቡ ሥር ፀሐይ ሊሞቁ ተቀመጡ። ከልጄ ሌላ አሥራ አንድ ናቸው። አሥራ አንዱም ጉልበታቸውን ይመታሉ። ማንም ማንንም አያይም፤ ግን አብረው ይጀምራሉ፣ አብረው ያርፋሉ። ከመጣን ጀምሮ እጇን አንሥታ የማታውቀዋ ሴትዮ እንኳ ትመታለች። ወፎቹ ከዋርካው ላይ ተነሥተው ሄዱ።

አባ ጠሩኝ። በክርስትና ስሜ ነው የሚጠሩኝ።

«ወለተ ማርያም፣ ልጅሽ ሲያስመስል ያየሁት በመጀመሪያው ሱባዔ ነው» አሉኝ።

«አውቀው ነበር?»

«አውቄ ነበር።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ከዚያ ወዲህ ሲያስመስል አላየሁትም።»

ለምን አላባረሩንም አልኋቸው። «ሸሽቶ የመጣም እኮ ታሞ ነው የመጣ» አሉ። ከተማው ሆስፒታል አእምሮ የሚያይ ሐኪም እንዳለ፣ ከዚህም ሰው ልከው እንደተሻለው ነገሩኝ። መድኃኒቱን ይውጣል፣ ጠበሉንም ይጠጣል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም አሉኝ።

ተቆጣሁ። «ሐኪሙ ደኅና ነው ቢልስ? ይወስዱብኛል!»

«ደኅና ነው ቢል ደስ አይልሽም?»

ተነሥቼ ወደ ጎጆው ሄድሁ።

መልማዮች ነገ ይመጣሉ ተብሎ ይወራል። ጠበል ቦታ የተደበቁ አሉ የሚል ጥቆማ ደርሷቸዋል።

ቅዳሜ፣ ጥር 20

መጡ። ሦስት ናቸው። አንዱ ካኪ የለበሰ፣ ወረቀት የያዘ።

ጠበልተኞቹ እንደ ትናንቱ ግንቡ ሥር ነበሩ። ካኪው «ሙሉቀን!» ብሎ ጠራ። አልዞረም። እንደገና ጠራ። ዞረ፤ ዓይኑን ሳያርገበግብ አየው። ጉልበቱን ሦስት ጊዜ መታ። አሥራ አንዱም መቱ። ሰንሰለቱም።

«ምን ማለታቸው ነው?» አለ ካኪው።

የሻሽ «እናንተን መቁጠራቸው ነዋ ጌታዬ! ስንት ሆናችሁ ነው የመጣችሁ?» አለችው።

«ሦስት ነን» አለ፤ ሳያስበው። ጠበልተኞቹ ሦስት ጊዜ መቱ። የሰውየው እጅ ሊያማትብ ግንባሩ ድረስ ሄደ፤ ጓደኞቹ እንዳያዩት ቆቡን አስተካከለበት። የልጄን ስም ከወረቀቱ ላይ ሰረዘ። ስሙን ሲሰርዘው በዓይኔ አየሁ፤ አሁን ማንበብ እችላለሁ።

ተሻገርን። አመለጠልኝ። ልጄን አቅፌ «ሄዱ፣ ሙሉቀኔ፤ አበቃ፤ በቃ ተወው፤ ቤታችን እንግባ» አልሁት።

መታ።

«ተወው እኮ አልሁህ።» እጁን በሁለት እጄ ጥርቅም አድርጌ ያዝሁት። ጣቱ ከመዳፌ ውስጥ መታ። ሦስት ጊዜ። እንደታፈነች ጫጩት።

እሑድ፣ ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም

መሪጌታ መጣ። መሰረዙን ሰምቶ ደስ ብሎት ነበር። አጎቱ ሲጠራው ግን ሙሉቀን በመጀመሪያው ዞረ። ጠበል ሲረጨው አልሳቀም። ማን ነህ ቢለው ዝም አለ። ጉልበቱን ብቻ መታ።

«እቴ፣ ይህን እኔ አላስተማርሁትም» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

እውነቱን ነው። የእሱ ሦስቱ ረግፈዋል። የቀረው የእኔ ነው።

ያም ሆኖ ጥፋተኛው እሱ ነው። ይህን አልፍቅም። ግን ከሥሩ የእኔን ስም ጻፍሁበት፤ አበዙ። ፊደሎቹ ተንጋደዋል።

የሻሽ ከኋላዬ ቆማ «እትዬ፣ እጅዎ» አለችኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ግራ እጄ ጉልበቴ ላይ ነው። ስንት ጊዜ እንደመታሁ አላውቅም።

ነገ ከአባ ጋር ሆስፒታል እንወስደዋለን። አባ የጠበሉን ጀሪካን ራሳቸው ይይዛሉ። የሻሽም ባሏን ልታሳይ አብራን ትመጣለች። ሐኪሙ ምን ይላል? ደኅና ነው ቢል መልሰው ይጽፉት ይሆን? አላውቅም። አልተኛሁም፤ ግን ደረቴ ትንሽ ቀለል ብሎኛል።

ልጄን በስሙ እጠራዋለሁ። በመጀመሪያው ባይመልስ በሁለተኛው፤ በሁለተኛው ባይመልስ በመቶኛው። በአፉ እስኪመልስልኝ እጠራዋለሁ። ጉልበቴን ግን ከእንግዲህ አልመታለትም።