ሆዴ የሚለውና ሰው የሚለው

ጥቅምት 4፣ ጠዋት 2፡30
ቁርስ፦ ወተት አንድ ትልቅ ብርጭቆ፣ የባቄላ ንፍሮ ሁለት እፍኝ፣ ሻይ። ወተቱን እማ ራሷ ናት አልባ የምታመጣው፣ እምቢ አይባልም። ከጅዳ ስመለስ ከስቼ ስላየችኝ ልታወፍረኝ ቆርጣ ተነስታለች።
ሆድ፦ ለጊዜው ዝም።

ደብተር፣ የገዛሁህ ለዚህ ነው። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ሰናይት፣ የምትበይውን ጻፊ፣ ሆድሽ የሚለውን ጻፊ፣ በሳምንቱ አምጪልኝ ብላኛለች። ሌላ ነገር ጻፊ አላለችም። ሌላውን እኔ ነኝ የምጨምርብህ።

ከሰ. 9፡00
አራት ሰዓት ላይ ጀመረ። መጀመሪያ ማጉረምረም፣ ከዚያ መነፋት። እኔና ጋሼ ይማም አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምንሰፋው። የስፌት መኪናው ሲሮጥ አይሰማም። ክር ተበጥሶ ሲቆም ግን የሆዴ ድምፅ ብቻውን ይቀራል። ዛሬ ቀሚስ ልትለካ የመጣች ሴት ሰው የገባ መስሏት ወደ በሩ ዞረች። ከዚያ እኔን አየች። ከዚያ ሆዴን። ጋሼ ይማም ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉት። ደግ ሰው ናቸው። ደግነታቸው የባሰ አሳፈረኝ።

ጥቅምት 6
ቁርስ ወተት። ምሳ ሽሮ፣ ቆሜ ነው የበላሁት። የጅዳ አመል። ስድስት ዓመት ሰው ቤት ስሠራ፣ ማዳም ሳትጠራኝ ልጨርስ እያልኩ ሳላኝክ እውጥ ነበር። አሁን የሚጠራኝ የለም፤ ጉሮሮዬ ግን ገና አላመነም።
ሆድ፦ እንደ ከበሮ። ሽንት ቤት ከሄድኩ ሦስተኛ ቀኔ።

አስር ሰዓት ላይ የዑመር እናት እትዬ ፋጡማ መጡ። ዑመር እጮኛዬ ነው፣ አቀስታ ያስተምራል፤ ኒካሓችን ለጥር ታስቧል። ሰላም ሲሉኝ ዓይናቸው ፊቴ ላይ አልቆየም፣ ወደ ታች ወረደ። ብዙም አልተቀመጡ። በር ላይ ለእማ የሆነ ነገር ሲነግሯት አየሁ፣ ቃሉን ግን አልሰማሁም። ከጅዳ ከመጣሁ አራት ወር ሆነኝ። ሰው ቆጥሯል።

ጥቅምት 7
ጀሪካን ሳነሳ እማ ከእጄ ወሰደችው።
"ተይው፣ እኔ እቀዳለሁ።"
ወገቧን የሚያማት እሷ ናት። ልብስ የተዘፈዘፈበትን ሳፋ ላነሳ ስልም እንዲሁ ቀደመችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። እህቴ ስታረግዝ እንዲህ ነበር ያደረገቻት።
እማ፣ ምን አስበሽ ነው አልኳት።
"ልጄ፣ ለኔ እንኳ አትደብቂኝ። የሰው አገር ነው፣ የሰው ቤት ነው። ፈልገሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ።"
ወላሂ አልኳት። ሦስት ጊዜ ማልኩ። እሺ አለች። ጀሪካኑን ግን አልመለሰችልኝም።

ጥቅምት 11
ጤና ጣቢያ። እማ አብራኝ ገባች። ሲስተር ሰናይት ደብተሩን ስታነብ የእትዬ ፋጡማንና የእማን ጉድ እንዳታየው ገጹን በጣቴ ያዝኩ። ሽንት ተመረመርኩ፣ ሰገራ ተመረመርኩ። እርግዝና የለም። ትላትል የለም።

ሲስተር ለእማ ቀስ ብላ አስረዳቻት። አንጀት ምግብ ሲገፋ ፈሳሽና አየር አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ እሱ ነው፣ የሁሉም ሰው ሆድ ይጮሃል። ወተት የማይስማማው ሰው ደግሞ ሳይፈጭ አንጀቱ ውስጥ ይብላላና ይነፋዋል። ንፍሮውም ያግዘዋል። በጥድፊያ ሲበሉ አየር ይዋጣል። ድርቀቱ ሲጨመር ይኸው። ለሁለት ሳምንት ወተትና ንፍሮ ተይ፣ ቁጭ ብለሽ አኝከሽ ብይ፣ ውሃ ጠጪ፣ በእግርሽ ሂጂ አለችኝ። ደም ካየሽ፣ ያለ ምክንያት ከከሳሽ፣ ማስታወክ ወይ ኃይለኛ ቁርጠት ከመጣ ሳትውይ ሳታድሪ ነይ።

እማ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦
"ልጅ ሆነሽ እኮ ወተት ትጠጪ ነበር።"
ሲያድግ የሚቀየር ብዙ ሰው አለ ብላ ነበር ሲስተር። እማ ያንን አልሰማችም፣ ወይ ሰምታ ትታዋለች።

ጥቅምት 13
ቁርስ ዳቦ በሻይ፣ ቁጭ ብዬ። ሆድ፦ ትንሽ ማጉረምረም።

ዑመር ደወለ። አሞሻል አሉ አለኝ። ወተት ነው አልኩት። ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ቀለለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።
"የምርመራውን ወረቀት በቴሌግራም ላኪልኝ። ለኔ ብዬ አይደለም፣ ለእናቴ ነው።"
ላኩለት። የሽንቴን ውጤት ለማገባው ሰው ላኩለት። የአውራ ጣት ምልክት መለሰልኝ።

ጥቅምት 20
ሆድ፦ ጸጥ። ጠዋትም ከሰዓትም። ሽንት ቤት በየቀኑ። ደብተር፣ እንዲህ ባለ ነገር ሰው ደስ ይለዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ክር ተበጠሰ፣ መኪናው ቆመ፣ የተሰማው ሬዲዮኑ ብቻ ነው። ስሠራ ዘፈን አንጎራጎርኩ።

ጥቅምት 28
ቀሚስ ልትለካ የመጣችው ሴት ልትወስደው ተመልሳ መጣች። ቀለል ብለሻል፣ እንዴት አደረግሽው አለችኝ። ለሆዷ መላ የምትፈልግ መስሎኝ ሁሉንም ዘረዘርኩላት፣ ወተቱን፣ ንፍሮውን፣ ማኘኩን። ፈገግ ብላ ሄደች።
ጋሼ ይማም መቀሱን አስቀመጡ።
"ሰው የሚለውን ልንገርሽ ወይስ ልተወው?"
ይንገሩኝ አልኩ።
"ደሴ ሄዳ አስወርዳለች ነው የሚሉት።"
ከተመለስኩ ወዲህ ደሴን አላየሁም። ጋሼ ይማም ያውቃሉ፣ አንድም ቀን ከሥራ ቀርቼ አላውቅም። ነግሬያቸዋለሁ፣ አይሰሙም አሉኝ።

ኅዳር 1
ሲነፋ ጥፋተኛ። ሲጎድል የባሰ ጥፋተኛ። ምን ይሁንላቸው? ሽንቴን አሳየሁ። ሰገራዬን አሳየሁ። ሆዴን ቀድጄ ላሳይ?
አልበላሁም። አልተራመድኩም።

ኅዳር 2
ቁርስ፦ ወተት ሦስት ብርጭቆ። ሆን ብዬ። ሲነፋ ይዩት፣ ነገ ሲጎድል ደግሞ ይዩት፣ ያኔ ይገባቸዋል ብዬ።
ነፋኝ። በገበያ መሐል ሄድኩ፣ ጋቢ ሳልደርብ። ያየኝ ሰው የለም። እህል ይለካሉ፣ በግ ይዳብሳሉ፣ ይከራከራሉ። ወሬውን ለማውራት እኔን ማየት አላስፈለጋቸውም ለካ። ቁርጠቱ ሲጠናብኝ አጥር ይዤ ቆምኩ። ቤት ደርሼ ታጥፌ ተኛሁ። እማ ጀርባዬን አሸችኝ። እጇ ደስ ይላል። ምን እንዳሰበች ግን አውቃለሁ፤ የሚያሹት ጀርባ የአራስ ጀርባ ነው።

ኅዳር 5
የነዑመር ቤት መልእክት ላከ። ነገ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል። ቁርዓን ልምታ፣ እጄን ጭኜ አላስወረድኩም ብዬ ልማል። ከዚያ ጥር ላይ ኒካሓው ይታሰራል፣ ወሬው ይዘጋል። ዑመርም ደወለ፣ አንዴ ምቺና ይለቅ አለኝ። ወረቀቱስ ስለው፣ ወረቀት ይገዛል ይላሉ አለ። ማን ነው የሚለው አላልኩትም።

እማ ለመነችኝ። ምቺ ልጄ፣ ምን ትሆኛለሽ አለችኝ።
አንድ ነገር ጠየቅኋት፦ "አንቺስ እማ፣ ታምኚኛለሽ?"
ነጠላዋን አስተካከለች።
"አላህ መሐሪ ነው" አለች።

ኅዳር 6፣ ጠዋት 1፡00
ቁርስ የለም። ሆድ፦ አላዳመጥኩትም።

ዑመር ጋ ደወልኩ። ዛሬ አልመጣም፣ ቁርዓን አልመታም አልኩት። የአላህ ቃል ወተት አልተስማማኝም ለማለት አይነሳም። ይህን ካልሽ እኮ አምነሻል ይሉሻል አለኝ። አንተስ አልኩት። ነገሩን አታክብጂው አለ። ኒካሓው ቀርቷል፣ ለእናትህ ንገራቸው ብዬ ዘጋሁት።

አሁን ወጥቼ ለእማ እነግራታለሁ። ደጅ ገብስ እያበጠረች ነው። ታለቅሳለች። አልምልላትም፣ አልከራከራትም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ገብሱን አብሬያት እለቅማለሁ።