ቀይ መስመር ያለው አውቶብስ

ኅዳር 3
እስክሪብቶ የያዘው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ነው። ቃሉ የእኔ ነው፤ እንዳያሳምረው። ጠዋት የበሩን ማጠፊያ ጠገንኩ። ከሰዓት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከሰሜን መጣ። ልጅህን ባሏ ይደበድባታል አለኝ። መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ሰው እያየ… የገላገለ የለም ወይ? የለም። ወደዚያ አውቶብስ የሚሄደው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ነገ አለ። እሳፈራለሁ። ሰፊው፣ በሰባ ስድስት ዓመትዎ? አለኝ። ከዘራዬ ገና ወጣት ነው አልኩት።

ኅዳር 4
ዛሬ የምትጽፈው መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት መገንጠያ ያለችው ትኬት ቆራጭ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የሰሜኑን አውቶብስ የማውቀው በቀይ መስመሩ ነው፤ ልጄን ስድራት በእሱ ሸኝቻታለሁ። ቀይ መስመር አየሁ፣ ገባሁ። ይሄ ወዴት ነው ብሎ መጠየቅ… እኔ? ብዙ ከሄድን በኋላ ረዳቱ፣ «አባት፣ ይሄ እኮ የምሥራቅ ነው። ቀዩን አሁን ሁሉም ተቀብቶታል» አለና ሳቀ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ኮሌታውን ያዝኩት። በቡጢ ከንፈሬን ተረተረው፤ እኔም አፍንጫውን በግንባሬ። መንገድ ላይ ወረወሩኝ። ወደ መገንጠያው በእግሬ ተመለስኩ። የሰሜኑ አልፏል። ቀጣዩ ከነገ ወዲያ ነው።

ኅዳር 5
እዚያው። ከንፈሬ አብጧል። ሴትዮዋ ምን ልጻፍ አለችኝ። ጠበቀ በይ።

ኅዳር 7
የዛሬው እጅ የልጄ ነው። ግራው።
ትናንት ደረስኩ። ከተማው ውስጥ የምትዞረው አንዲት ሚኒባስ ናት። ገባሁ። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሰው የሚጠራው ረዳት… የልጄ ባል። «ምን እግር ጣለዎት?» አለኝ፣ ጥርሱን እያሳየ። ከዘራዬን ጉልበቱ ላይ አሳረፍኩት። ሲንበረከክ ደገምኩት። ጎትቶ ጣለኝ፣ ጎኔን በጫማው ረገጠኝ። ሾፌሩ፣ ከመኪናዬ ውጡና ተጋደሉ አለ። ወጣን። እስኪዘረር መታሁት። ከዘራዬ ሁለት ሆነ።
ማታውኑ ልጄን ክሊኒክ አገኘኋት። ቀኝ ክንዷ በጀሶ። መቼ? አልኳት።
«ትናንት ጠዋት፣ አባዬ።»
እሱም ሌላው ክፍል ተኝቶ ያቃስታል። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር…
ዛሬ ደብተሩን ገልጣ የኅዳር 4ን ለራሷ አነበበችው። ቀና ብላ አላየችኝም።
ጻፊ አልኳት። አንድ ሰው ጠይቄ ቢሆን፣ ኅዳር 4 ማታ በርሽ ላይ ነበርኩ። ክንድሽን የሰበርነው ሁለት ነን። እንዳትዘዪው፣ ጻፊው።
አውቶብሱ ሲመጣ አብረን እንሳፈራለን። አንቺ ዝም በይ፤ ወዴት ነው ብዬ የምጠይቀው እኔ ነኝ።
በይ አንብቢልኝ። ጮክ ብለሽ። የኅዳር 4ንም።