የዜያ ሳሙናና የእናታችን ጸጉር

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለዜያ፣ ካለህበት ከፔናንግ፤

እንደምን ከረምክ? እንደምን ሰነበትክ? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ከእንቅልፍህ ይቀሰቅስሃል? የአገሩ ምግብ ተስማማህ? በመጨረሻ በላክኸው ፎቶ አንገትህ ቀጥኖ ስላየሁት ለእማዬ ሳላሳያት ቀረሁ። አብረውህ የሚኖሩት ልጆችስ ደህና ናቸው? ማንኮራፋቱ ግድግዳ ያነቃንቃል ያልከኝ ልጅ አሁንም አለ? ካለ ታገሰው፤ አንተም በልጅነትህ ከዚያ የምትተናነስ አልነበርክም። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም ብዬ ልጽፍ ነበር። ግን የጎደለ ነገር ስላለ ነው ብዕር ያነሳሁት፤ ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትል። ስልኩ ሲጮኽ እማዬ ከእኔ ቀድማ ትደርሳለች፤ እኔ ካነሳሁትም ጆሮዋን ከጆሮዬ ጋር ለጥፋ ነው የምትሰማው። በእሷ ፊት ይህን ማውራት አልቻልኩም። የጀልባ ነጂው የኡ ባ ቺት ልጅ ለሥራ ወደዚያ ስለሚመጣ ደብዳቤውን በእሱ እጅ ሰድጄልሃለሁ። እስክትጨርሰው ድረስ ፊትህን አታጥቁርብኝ።

ካርቶኑ ደርሶናል። የልብስ ዱቄት ሳሙናው፣ የዕቃ ማጠቢያው ፈሳሽ፣ በትንንሽ ከረጢት የታሸገው ሻምፖ፣ ሁሉም አንድም ሳይቀደድ ገብቷል። ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ቀኑን ሙሉ ፋብሪካው ውስጥ ቆመህ የምታሽገውን ሳሙና ከደሞዝህ እያስቆረጥክ እንደምትልክልን እናውቃለን። ለዚህ ነው ቀጥሎ የምጽፈው ነገር እጄን የሚይዘኝ። ዜያ፣ ከእንግዲህ ሳሙና አትላክልን።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው በጋ ውሃው ሲሸሽ ነው። በጋ ሲሆን እንዴት እንደሚሆን ታውቀዋለህ፤ ሐይቁ ከደረጃችን ወርዶ የቤቱ ቋሚዎች ሲራቆቱ፣ ከሥራችን ያለው ውሃ መሄጃ አጥቶ እዚያው ይተኛል። አንተ እያለህ በዚያ ውሃ ውስጥ ዓሣ ሲሄድ ከወለሉ ክፍተት እናየው ነበር። አሁን የሚታየው አረፋ ነው። ጠዋት የታጠብንበት አረፋ በቋሚዎቹ መካከል ተኮልኩሎ ይውላል፤ ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ዝቃጭ ነው። ሽታውን እኛ ለምደነዋል፤ የሚታወቀን እንግዳ መጥቶ አፍንጫውን ሲይዝ ነው። እማዬ የላክኸውን ለጎረቤት ሁሉ ስለምታድል፣ በረድፋችን ያለው ቤት በሙሉ በአንተ ሳሙና ነው የሚያጥበው። እሷ "የልጄ ነው፣ ውሰዱ፣ አይቆጠርም" እያለች ስትሰጥ ደስታዋን ብታየው ኖሮ አንተም ዝም ትል ነበር።

ከዚያ የልጄ የኒን ዋይ ቆዳ ከጉልበቷ እስከ ወገቧ ሽፍ አለባት። እንደ ልጆቹ ሁሉ ስትጫወት የምትውለው ከደረጃው ሥር ውሃው ውስጥ ነው። ጤና ጣቢያ ስወስዳት ነርሷ ቅባት አወጣችና የት እንደምትታጠብ ጠየቀችኝ። ቤታችን ደረጃ ላይ አልኳት። ልብስስ የት ታጥባላችሁ አለችኝ፤ እዚያው አልኳት። ዕቃስ ስትለኝ ግን ቅባቱን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ። እሷም አሽጋ ሰጠችኝ።

ቤት ስመለስ ከባሌ ከዊን ማው ጋር ተከራከርን። እኔ ሳሙና ሳሙና ስል ሳቀብኝና "የሳሙናውን ኃጢአት ብቻ ነው የምትቆጥሪው? እኔ ቲማቲሙ ላይ የምረጨውንስ መድኃኒት የት ልትደብቂው ነው?" አለኝ። እውነቱን ነው። ተንሳፋፊው እርሻችን የሚኖረው በዚያ መድኃኒት ነው፤ የሚወርደውም ወደዚሁ ውሃ ነው። ግን የእሱን መርጫ ነጥቄ ልጆቼን ምን ላበላ ነው? እኔ የማዝዘው በሳሙናው ላይ ስለሆነ እዚያው ጀመርኩ። እሱም ሲያየኝ ሰንብቶ አሁን አሁን ዝናብ ሊጥል ሲል አይረጭም። ከዚህ የበለጠ አልጠየቅኩትም።

እንግዲህ ለዕቃ የምድጃ አመድና የሎሚ ልጣጭ፣ ለልብስ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣውን የኪንፑን ፍሬ ቀቅለን፣ ለጸጉር ደግሞ ዱሮ እንደምናደርገው የታያው ዛፍ ቅርፊት ከኪንፑኑ ጋር ዘፍዝፈን እንጠቀማለን። ቀላል ነው ብዬ አልዋሽህም። ኪንፑኑ ከዱቄቱ ይዘገያል፤ ክንዴ ይዝላል፤ ነጭ ልብስ ደግሞ አይወድም። የኒን ዋይን የትምህርት ቤት ሸሚዝ የሻይ ቀለም አድርጎት፣ ልጆቹ "ሻይሽን ሸሚዝሽ ላይ ነው እንዴ የጠጣሽው?" እያሉ ሲያሾፉባት እያለቀሰች መጣች። ስለዚህ ያንን አንድ ሸሚዝ በባልዲ በሳሙና አጥባለሁ፤ ውሃውን ግን ሐይቁ ውስጥ አልደፋውም፣ በጀልባ ጭኜ ዳር ድረስ ወስጄ መሬት ላይ እደፋዋለሁ። ዊን ማው መቅዘፊያውን ስይዝ ባየኝ ቁጥር "እድፉን ሽርሽር ልትወስጂው ነው?" ይለኛል።

አክስታችን ዶ ንዌ የሠራችውን ደግሞ ስማ። ከገበያ ስትመለስ ርቧት ወደ እኛ ጎራ አለች። እኔ እታች ልብስ እየዘፈዘፍኩ ነበር። ምድጃው ላይ ያለውን ድስት ከፍታ ስታሸተው የኪንፑን ቅጠል ሾርባ መሰላት። መቼም የቅጠሉ ሾርባና የፍሬው እጥበት ሽታቸው አንድ ነው። ሩዟ ላይ በደንብ አድርጋ ጨለፈችበት። ወጥቼ ስደርስ ከንፈሯ ላይ አረፋ ተሰቅሎ "ምን ጨመርሽበት? አፌ ውስጥ እየፈላ ነው!" ትለኛለች። ዊን ማው ከመሳቁ ብዛት ወለሉ ላይ ተቀምጦ "አይዞዎት አክስቴ፣ ዛሬ ሆድዎ ታጠበልዎ" አላት። ሁለት ቀን አኩርፋን ነበር። አሁን ግን ለሰው ሁሉ እየዞረች የምታወራው እሷው ናት።

ሳቁ እዚህ ላይ ያበቃል። አንድ ቀን ጠዋት የማዶዋ ኤ ሜ በጀልባ ስታልፍ ድስቱን በአመድ ስፈትግ አየችኝ። መቅዘፊያዋን አቁማ "ዜያ ከሥራ ወጣ እንዴ? እናንተም አመድ ጀመራችሁ?" አለችኝ፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ ነው፣ ረድፉ በሙሉ ይሰማል። እኔ ሳቅ ብዬ አለፍኩት። እማዬ ግን ሰምታ ኖሮ ወዲያው አንድ ሙሉ ከረጢት የዱቄት ሳሙና ይዛ ወረደች። የሚታጠብ ነገር ቢጠፋ የትናንቱን ንጹሕ ምንጣፍ አምጥታ ደረጃው ላይ ታሸው ጀመር። አረፋው እስከ ኤ ሜ ደረጃ ደረሰ። "ልጄ አለ! ልጄ ይልካል! ይኸው፣ የሚያይ ይይ!" ትላለች። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ያንኑ ንጹሕ ምንጣፍ ገልብጣ እንደገና ማሸት ስትጀምር ሳያት አለቀስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ በታጠበ ቁጥር ሁለት እጥፍ ነው የምትጨምረው፤ እኔ የቀነስኩትን እሷ ትሞላዋለች።

የሚያስጨንቀኝ ግን የእሷ ነገር ነው ዜያ። ራሷ ቆስሏል። በሻምፖው አንድ ቀን ሳታሳልፍ ትታጠባለች፤ ማበጠሪያው ላይ የሚቀረው ጸጉር ደግሞ በየቀኑ ይበዛል። ነርሷን ይዤላት መጣሁ፤ እሷም ይህን ነገር ተዪው አለቻት። እሺ አለች፤ ነርሷ ጀልባ ላይ ስትወጣ አዲስ ከረጢት ቀደደች። ታያውን አለስልሼ፣ ሎሚ ጨምቄበት ባቀርብላት "ዛሬ ዓርብ ነው፣ ዓርብ ጸጉር አይታጠብም" ትለኛለች። ቅዳሜ ሲሆን ራሴን አሞኛል ትላለች። እሑድ ዶ ንዌ ጋ ትሄዳለች። ሰኞ ደግሞ "ሰኞም እኮ አይታጠብም፣ ይህን እንኳ ረሳሽ?" ብላ እኔኑ ትቆጣኛለች። የራሷን ከረጢት ግን ዓርብም ሰኞም ትቀደዋለች።

በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና ጮኽኩባት። ሳሙና ነው እንጂ ልጅሽ አይደለም፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትሞቺለት አልኳት። የተቀደደውን ከረጢት በጣቷ ታስተካክለው ጀመር። ከዚያ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? "በሚያዝያው አዲስ ዓመት፣ ልጅ የወላጁን ራስ በሚያጥብበት ቀን፣ ራሴን የሚያጥበኝ እሱ ነበር። ከሄደ ወዲህም እዚያው ሆኖ ያጥበኛል። ይህን ስቀድ እጁ ራሴ ላይ ያረፈ ይመስለኛል። አንቺ በቅርፊትሽ ካጠብሽኝ ለእሱ ምን ቀረለት?"

እውነቱን ልንገርህ፣ ቀናሁብህ። በየቀኑ የማበስልላት፣ ሲያማት የማድርላት እኔ ነኝ፤ እጁ የሚናፈቀው ግን አንተ ነህ። ሲያድር ቅናቱ ለቀቀኝና ሐዘኑ ብቻ ቀረ። ለካስ ከእሷ ጋር ስጣላ የከረምኩት ስለ ሳሙና አልነበረም። አረፋው ይቅር ባልኩ ቁጥር እሷ የምትሰማው ዜያ ይቅር ነው። እኔም አመድና ቅርፊት ይዤ የምሟገተው ከማልችለው ነገር ጋር ኖሯል።

ስለዚህ የምለምንህ ይህን ነው። በሚቀጥለው ስትደውል አንተው በአንደበትህ ንገራት። እህቴ ሞ ሳን ነች ያለችኝ አትበል። ሐይቁ አሳዝኖኝ ነው፣ የኒን ዋይ ገላ አሳስቦኝ ነው፣ ራስሽን እንዳያምሽ ብዬ ነው በላት። ለጎረቤት የሚታይ ነገር ካላገኘች ደግሞ አርፋ አትቀመጥም፤ እና ከላክህ ሻርፕ ላክ፣ ጃንጥላ ላክ፣ ብቻ ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ነገር ይሁን። ኤ ሜ በጀልባ ስታልፍ እማዬ በፔናንግ ጃንጥላ ሥር ተቀምጣ ታያታለች፤ በቃ።

እዚህ ድረስ ጽፌ ሳለሁ እማዬ መጣችብኝ። ለማን ነው አለችኝ፤ መዋሸት አቃተኝና ስለ እሷ የጻፍኩትን ሁሉ አነበብኩላት። ምንጣፉን የፈተገችበት ላይ ስደርስ ፈገግ አለች። ስጨርስ ተነስታ ካርቶኑን ዘጋችና በእግሯ ወደ እኔ ገፋችው። "ይቅር። ውሃውም ይረፍ፣ ልጅቷም ትረፍ። ግን ቅርፊትሽንም አልፈልግም። ያ ልጅ መጥቶ እስኪያጥበኝ ራሴን ማንም አይነካኝም፤ ሳሙናም፣ አንቺም" አለችኝ። የምር አልመሰለኝም ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ደረጃው ላይ ወርዳ በባዶ ውሃ ተለቃልቃ ወጣች። ነጠብጣቡ በጀርባዋ እየወረደ፣ ኤ ሜ በማዶ እያየቻት፣ ቀና ብላ ነው ያለፈችው።

ዜያ፣ ሚያዝያ ሩቅ አይደለም። ፋብሪካው ለአዲስ ዓመት የሚለቅህ ከሆነ ለምናቸው፤ የማይለቅህ ከሆነም ደውለህ እውነቱን ንገራት፤ በተስፋ አታቆያት። ቅርፊቱን አድርቄ ከጣሪያው ሥር ሰቅዬዋለሁ። የመጣህ ቀን ኪንፑኑን እኔ እቀቅላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ያንተ ነው።

ዊን ማው በጣም አድርጎ ሰላም ይልሃል፤ ስትመጣ ጀልባ ቀዘፋ እንዳልረሳህ ላየው ብሏል። ኒን ዋይ አጎቴን ሳሙልኝ ትላለች፤ ሽፍታዋ ከሞላ ጎደል ደርቋል። አክስታችን ዶ ንዌ ዜያ እስኪመጣ ድረስ በዚህ ቤት ሾርባ አልቀምስም ብላ ምላለች፤ ሰላምታዋ ግን ብዙ ነው። ኡ ባ ቺትም እንደምን አለህ ይልሃል፤ ልጁን አደራ። አብረውህ ላሉት ልጆች ሁሉ ከእኛ ሰላም በልልን።

እማዬንስ ምን ልጻፍልሽ ብላት፣ "እኔ በወረቀት ሰላምታ አልልክም፤ መጥቶ ከአፌ ይውሰድ" ብላለች።

እህትህ ሞ ሳን
ታውንግ ቺን መንደር፣ ኢንሌ ሐይቅ
የካቲት 3 ቀን 2010 ዓ.ም.