የላላው የቴፕ ላስቲክ እንዳይቀየር

ከሁሉ አስቀድሞ የሚከተለው በጥብቅ ይታወቅ፦ በመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር የተቀመጠው ቴፕ፣ ካሴቱን የሚያሽከረክርለት ላስቲክ ላልቷል። ላልቶም ይኖራል። ማንኛውም ወራሽ፣ ጠጋኝ ወይም እጁ አላርፍ ያለው ዘመድ ይህን ላስቲክ ቢያጠብቅ ወይም በአዲስ ቢለውጥ፣ በዚህ ቃል ከተሰጠው ነገር ሁሉ ይነቀል።

ይህን የምናገረው እኔ፣ ዕድሜዬን የሰው ሱሪ ሳሳጥር የኖርኩ ልብስ ሰፊ፣ ዛሬ በየካቲት ወር በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከምሳ በፊት ነው። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሙም ደረጃ አትውጣ ብሎኛል። አእምሮዬ ግን ደህና ነው። ለማስረጃ ያህል፣ ለምስክርነት የተቀመጠው አማቼ፣ የሟች ባለቤቴ ወንድም፣ የለበሰው ኮት የእኔ መሆኑን ካልጋዬ ሳልነሣ ለይቻለሁ። «ለጊዜው ነው» ብሏል፤ ይመዝገብ።

ቤቱ ለሴት ልጄና ለወንድ ልጄ እኩል ይሁን። የስፌት መኪናዬ ለእኅቴ ይሰጥ፤ እሷም እንደ እኔ እግሯ ሥራ ሲፈታ ያማታል።

ለአማቼ የለበሰውን ኮት ላወርሰው አስቤ ነበር። ቃሌን የሚጽፈው ጡረተኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ግን «ወራሽ ምስክር አይሆንም» አለ። «እና ኮቱን ልተወው?» ብሎ ጠየቀ አማቼ። ይተወው። ምስክር ይሁን፤ ኮቱም ወደ መስቀያው ይመለስ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ልጆቼ አይነጋገሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ቁልፍ ስትተክል ታንጎራጉር ነበር። ሴት ልጄ ተማሪ፣ ወንዱ ደግሞ ገና የሚድህ ሳለ፣ አንድ ያገለገለ ቴፕ ገዛሁና ድምፅዋን በካሴት ቀዳሁ። ዘፈኑ የራስዋ ነው፤ ሱሪ ስለሚያጥረው አንድ ረጅም ሰውዬ ይናገራል። እሷ ግጥሙን ባስረዘመች ቁጥር ሰውየውም ይረዝማል።

በሞተች በዓመቱ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ በመቅዳት የሚተዳደረው ወንድ ልጄ፣ ያንኑ ካሴት በሥራ ቦታው መሣሪያ ገልብጦ፣ አጥቦና ተኩሶ በስልኩ ይዞት መጣ። ከፈተው። እናቱ እንደ ጫጩት ጮኸች።

ርዕሰ መምህርት የሆነችው እኅቱ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ይቺ ማን ናት?»

«እማዬ ናታ።»

«እማዬ እንዲህ አትቀጥንም። ምን አድርገሃት ነው?»

«ጫጫታውን ነው ያወጣሁት። አንቺ የለመድሽው ጫጫታውን ነው፤ የጠራ ድምፅ ሲመጣ ደነገጥሽ።»

«እናቴን ደግሞ አንተ ልታስተዋውቀኝ ነው?» አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

አማቼ፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ድምፅ ማጉያ ስላለው ራሱን «ባለ ጆሮው» ብሎ የሾመው ማለቴ ነው፣ «ጥራት ማለት ይሄ ነው» ብሎ በእሳቱ ላይ ጋዝ ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ልጆቼ ሊጠይቁኝ ሲመጡ፣ አንዱ የሌላውን ኮት መስቀያው ላይ ካየ ደረጃውን ተመልሶ ይወርዳል።

እኔም አልጋ ላይ ከዋልኩ ወዲህ ሥራዬ ማዳመጥ ስለሆነ፣ ካሴቱንና ልጄ ስልኬ ላይ የጫነልኝን ቅጂ እያፈራረቅሁ መረመርኩ። ፍርዴ ይኸው። አሮጌው፣ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ እንደ ገባ ይንጫጫል፤ የግጥሙ ግማሽ አይያዝም፤ የምትዘፍነው ግን ባለቤቴ ናት። በአዲሱ መቀሷን ጠረጴዛ ላይ ስታኖር ይሰማል፤ ትንፋሿን ስትስብ ይሰማል፤ አንድ ቦታ ላይ እኔ «ሻይ የለም ወይ?» ስል ሳይቀር ይሰማል፤ ይህን ነውሬን እስከ ዛሬ ካሴቱ ሸፍኖልኝ ነበር። የምትዘፍነው ግን ባለቤቴ አይደለችም፤ ባቡር ሊያመልጣት የደረሰ አንዲት ልጅ ናት።

ጥፋቱ የማንም አይደለም። ላስቲኩ ቴፑን ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ የላላ ነበር። ቴፑ ቀስ እያለ ቀዳት፤ ቀስ እያለም ያሰማታል፤ እዚህ ቤት ቴፑና ካሴቱ ተስማምተው ይኖራሉ። ካሴቱ በትክክል የሚሮጥ መሣሪያ ላይ ሲወጣ ነው እሷም አብራ የምትሮጠው።

ይህን ለሁለቱም ለየብቻ አስረዳሁ። ወንዱ «ይሄማ ቀላል ነው አባዬ፤ በኮምፒውተር ቀስ አደርጋታለሁ። ግን ልኩን ከዚህ ቴፕ ላይ መውሰድ አለብኝ፤ ቴፑንም ካሴቱንም ስጠኝ» አለ። ከእኅትህ ጋር አድርገው ስለው፣ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ወጣ፤ ስልኩ ሲጮኽ ግን አልሰማሁም። ሴቷ ደግሞ «እሱ እጅ ከገባ አጥቦ ይጨርሰዋል፤ ለእኔ ስጠኝ» አለች። ግትርነትን ለሁለቱም እኩል አውርሻለሁ፤ በዚህ እንኳ አልታማም።

ስለዚህ ካሴቱ ለሴት ልጄ ይሁን። ቴፑ፣ ከነላላው ላስቲኩ፣ ለወንድ ልጄ ይሁን። ካሴት ያለ ቴፕ ፕላስቲክ ነው፤ ቴፕም ያለ ካሴት የድመት መኝታ ነው። ልክ የሚወስደው እሱ ነው፤ ልብሱ ልክ መሆኑን የምትናገረው እሷ ናት፤ የእናታቸውን የወጣትነት ድምፅ የምታስታውስ እሷ ነችና። እሷ በአፏ «አሁን እማዬ ናት» እስክትል ድረስ ሥራው አላለቀም።

ልጄ ሆይ፣ አዲሱን አትናቂው። እናትሽ ረጅሙ ሰውዬ ዘንድ ስትደርስ፣ ከመዝፈኗ በፊት ትንፋሿ ውስጥ ሳቅ አለ። ካሴቱ ላይ አይሰማም። ሳትሰሚው እንዳትቀሪ። አንተም ልጄ፣ ያጠብከውን ሁሉ ቆሻሻ አትበለው፤ ከጫጫታው ሥር የሚያንጎራጉረው የእኔ የስፌት መኪና ነው።

ይህ ከአፌ ወጥቶ ተጽፏል፤ ተነብቦልኝም ቃሌ መሆኑን አውቄዋለሁ።

ተናዛዥ፦ ልብስ ሰፊው (ፊርማ)
ምስክር፦ አማች፣ ያለ ኮት (ፊርማ)
ምስክር፦ ጎረቤት ፀጉር አስተካካይ (ፊርማ)
ጸሐፊ፦ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ (ፊርማ)

ማረሚያ፦ ቃሉ በተናዛዡ አልጋ አጠገብ ሲነበብ ሁለቱም ልጆች ተጠርተው ቆመው አዳምጠዋል። ንባቡ ካበቃ በኋላ ሴቷ ካሴቱን ስታስገባ፣ ወንዱ ቴፑን አቅፎ «ቀስ እትዬ፤ ክሩ ወደ ታች ሆኖ ነው የሚገባው» ሲል፣ እሷም «እጅህን አንሣ፤ እኔ ይሄን ስከፍት አንተ ትድህ ነበር» ስትል ምስክሮች ሰምተዋል። ስለሆነም ከላይ «ልጆቼ አይነጋገሩም» የሚለው ተሰርዞ፣ «ልጆቼ ይጨቃጨቃሉ» ተብሎ ይነበብ።