የደወል ቤቱ የመጨረሻ ድንጋይ

ደራ፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኩርፈኛው የቢሊሴ አባት፣

እንደምን ሰነበትክ? ቡልቡላ ወንድምህ ቤት ተመችቶህ ወፍረሃል አሉ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ አላነሳ ስላልክ ይህን በሽንኩርት ጫኙ ሹፌር ልኬልሃለሁ።

ወዬሳ፣ የምሥራች! የደወል ቤቱ ቆመ። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የተሰነጠቀው፣ አንተ «ይፍረስ እንጂ አይጠገንም፤ ከቆመ ጢሜን እላጫለሁ» ያልክለት፣ ቆመ። ሥራው ለልጅህ ለቢሊሴ ሲሰጥ ልብስህን ሸክፈህ ሄድክ፤ እሷ ግን የላላውን ድንጋይ ሁሉ አውርዳ በኖራ መልሳ ገነባችው። እኔም መላጫውን አዘጋጅቻለሁ።

ማክሰኞ ዕለት ያደረገችውን ብታይ! ደወሉ እንደተሰቀለ «ገመዱን ልሞክረው» ብላ በጠራራ ፀሐይ ሳበችው። ያለ ሰዓቱ የተደወለ ደወል እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። እሳት ተነሳ ተብሎ ገበያው ግልብጥ ብሎ መጣ። ልብስ ሰፊው ደሊል ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ጀሪካን ውሃ ይዞ ከሁሉም ቀደመ።

«የቱ ጋ ነው እሳቱ?» አለ እያለከለከ።

«እሳት የለም ጋሼ ደሊል፤ እኔ ነኝ የደወልኩት» አለችው ከላይ ሆና።

«አልሐምዱሊላህ! እኛም እኮ ድምፁ ናፍቆን ነበር» ብሎ ውሃውን ለኖራ ማቡኪያ ሰጣት። «ገለቶሚ!» ብላ አመስግና ተቀበለችው። ቄሱ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ አለቀስኩ፤ ደስ ሲለኝ እንዴት እንደምሆን ታውቀኛለህ።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። የጫፉን ድንጋይ አላስቀመጠችም። በእናንተ በግንበኞች ወግ የመጨረሻውን ድንጋይ የሚያስቀምጠው ሙያውን ያስተማረው ነው። ቄሱ «ለሚካኤል ንግሥ እንዲደርስ ጨርሺው እንጂ» ቢሏት፣ «አባቴ ሲመጣ» አለች። «ባይመጣስ?» ሲሏት ቁጭ ብላ የአንተን መዶሻ ስትወለውል ዋለች።

እንግዲህ ና። ጢምህንም ተወው፣ አልነካውም። ስትመጣ ብቻ ቆቃ ላይ ዓሣ መግዛት እንዳትረሳ፤ ባዶ እጅህን ከመጣህ አላስገባህም።

የተኳረፈ የሚያስታርቅ አምላክ መንገድህን ያቅናልህ።

ዘርፉ

ድንጋዩን ይዛ የምትጠብቅህ ልጅህ ናት። በሩን ሳልሸጉር የማድረው ግን እኔ ነኝ።