በሰላምታ ብዛት ጎንደር ስለቀረው የድብ ባሕር ዘር

ለተከበሩ ጓድ የዘር ማከፋፈያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጎንደር

ክቡር ጓድ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እየጠየቅሁ፣ የዘንድሮው የክረምት ብርድ ጉልበትዎን እንዳይነካብዎ እመኛለሁ። እኔ የጽሕፈት ቤትዎ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ አንዳርጋቸው ዳኛው፣ ከኀፍረቴ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ መለጠፌ፣ በሬዲዮ ብነግርዎ እንደማይደርስዎ ከማንም በላይ ስለማውቅ ነው።

እንደሚያውቁት ለድብ ባሕር ገበሬዎች የተመደበው የጤፍ ዘር በመኪና ላይ እንደተጫነ ግቢያችን ውስጥ ቆሟል። የድብ ባሕር መጋዘን ለመቀበል መዘጋጀቱን በሬዲዮ ካላረጋገጠ በመመሪያዎ መሠረት መኪናው ንቅንቅ አይልም፤ ሬዲዮው ደግሞ ዝም ብሏል። አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ አብዛኛው በራሴ ላይ ነው።

፩ኛ. ብልሽቱን እንድፈልግ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። አንቴናውን ከጣሪያ አውርጄ መልሼ ሰቀልሁ፣ ባትሪውን ለወጥሁ፣ ሽቦውን በጥርሴ ሳይቀር ላጥሁ። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ኮርስ የወሰድሁ ባለሙያ በመሆኔም፣ ጥፋተኛው በመካከላችን ቆሞ ሞገዱን የሚጋርደው ተራራ ነው ብዬ ሪፖርት ጻፍሁ።

፪ኛ. በመጨረሻ የድብ ባሕሩ ሬዲዮ ሠራተኛ አያ አድማሴ በአውቶቡስ ተሳፍረው መጡ። በር ላይ ስንገናኝ ሁለታችንም እኩል ጀመርን፤ እሳቸው ስለ ልጆቼ ሲጠይቁ እኔ ስለ ከብቶቻቸው እጠይቃለሁ፣ እሳቸው ሲያቆሙ እኔም አቆማለሁ፣ ሲቀጥሉ እቀጥላለሁ። ብልሽቱ ያን ጊዜ ገባኝ። በእኛ ሬዲዮ ቁልፉን የተጫነ ሰው ይናገራል እንጂ አይሰማም። ሁለታችንም በሰላምታ ላለመቀደም በተቀጠረው ሰዓት ቁልፉን እኩል ስንጫን፣ እኩል ጨርሰንም መልስ ለመስማት እኩል ዝም ስንል ከርመናል። የአንድ አገር ሰዎች ስለሆንን የሰላምታችን ርዝመት እንኳ አይበላለጥም። እርስዎ ያዘዙልን መፈክር ሲታከልበትማ ለጉዳዩ የሚተርፍ ባትሪ አልነበረም።

፫ኛ. አያ አድማሴ፣ «ምነው ልጄ፣ መጋዘኑ ተጠርጎ ሸጋ ሆኖ ተቀምጦ፣ ዝናቡ ሊያልፍብን ነው እኮ» ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድሁ። ወዲያው ይዣቸው እርስዎ ዘንድ ቀረብሁ። እርስዎም በሰፊ ትዕግሥት ካዳመጧቸው በኋላ፣ ማረጋገጫ በሬዲዮ እንጂ በአፍ ስለማይሰጥ ድብ ባሕር ተመልሰው ይህንኑ በሬዲዮ እንዲነግሩን አዘዙ። አርቆ አስተዋይነትዎን አደነቅሁ፤ በአፉ የሚናገር ሰው ሁሉ ከታመነ የሬዲዮ ሠራተኛ ምን ሊበላ ነው?

፬ኛ. አያ አድማሴ ታዘው ተመለሱ። ከእንግዲህ እኔ ቀድሜ እንድናገር፣ እሳቸው እንዲሰሙ ተስማምተን ነበር። ነገር ግን በአውቶቡስ በላኩት ወረቀት እንደነገሩኝ፣ ባትሪያቸው በሰላምታ አልቋል። አዲሱ ባትሪ ደግሞ በዚያው በቆመው መኪና ላይ፣ ከዘሩ ጋር ተጭኗል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ጥፋቱን ሁሉ በእኔ ስም መዝግበው መኪናውን ይልቀቁልን። እኔን ወደ ሳንጃ ቆላም ያዛውሩኝ፣ ዘበኛም ያድርጉኝ፣ አይከፋኝም። የሚያንገበግበኝ ማሳውን አለስልሶ መንገድ መንገዱን የሚያየው ገበሬ ነው።

ኢትዮጵያ ትቅደም፤ መኪናውም ይከተላት።

ሰላምታ በማስረዘም ወደር ያልተገኘልኝ ታዛዥዎ፣
አንዳርጋቸው ዳኛው

ማስታወሻ፦ ትናንት በመስኮትዎ ወደ ግቢው እየተመለከቱ ልምላሜውን ማድነቅዎን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ብቻ አትክልተኛውን እንዳይሸልሙት፤ እሱ ሣር አልተከለም። ያዩት አረንጓዴ፣ የመኪናው ሸራ አፍስሶ ከላይኞቹ ጆንያዎች የበቀለው የድብ ባሕር ጤፍ ነው።