ኮኮና የፈረንሳይኛዋ ቃል

ሰኞ፣ ግንቦት 9፣ ጠዋት
ሣጥኑን ጠረግኩ። ውሃ ቀየርኩ። ከልማድ ሁለት የሰላጣ ቅጠል ቆረጥኩና አንዱን መለስኩት። ሚሚን ትናንት ፓፓያው ሥር ቀበርኳት። ማስታወሻዬ፣ አንቺ ስለማትስቂብኝ ልንገርሽ፤ ከአይጥ ለምትተልቅ፣ ከጥንቸል ለምታንስ፣ ጭራ ለሌላት የፈረንጅ እንስሳ አለቀስኩ። ፈረንሳዊቷ ደንበኛዬ ማዳም ወደ አገሯ ስትገባ ሚሚንና ኮኮን ከነሣጥናቸው ለእኔ ለልብስ ሰፊዋ ነበር የተወቻቸው። አደራ ብላ። ክረምት እንኳ አላሻገርኳቸውም።

ሙቀት ነው የገደላት። ቀን ቀን እኔ ከዚራ ሰፈር ያለው ስፌት ቤት ነኝ። ቀትር ላይ ቅጠል የምትሰጣቸው፣ ሣጥኑ ላይ ያለውን ጆንያ ውሃ የምታርከፈክፈው የግቢ ጎረቤቴ አዴ ሀዋ ናት። ቅዳሜ ስመለስ ጆንያው ደርቆ እንጨት ሆኗል። ሚሚ በጎኗ ተኝታለች። አዴ ሀ. ምን ነካት? ተቀይሜያታለሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 10
ኮኮ አትበላም። ጥግ ይዛ ፊቷን ወደ ጣውላው አዙራለች። ሚሚ እያለች በሩን ስከፍት ሁለቱም ያፏጩ ነበር። አሁን ዝም።

መስታወት አስገባሁላት። ሮጣ ሄደች፣ አሸተተች፣ ከኋላው ዞራ ፈለገች። ማንም የለም። ተመልሳ ጥጓን ያዘች። ወዲያው አወጣሁት። እንዲህ ያለ ማታለል ለእንስሳም ነውር ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 12
ከቀሚስ ቁራጭ ሚሚን የምታህል አሻንጉሊት ሰፍቼ ጥጥ ጠቀጠቅኩባት። አምራለች፣ ጆሮም አላት። ኮኮ ተጠግታት ተኛች። ደስ አለኝ፤ ግን ቅጠሉ እንዳለ ነው። ጭኔ ላይ አድርጌ በጣቴ ሳጎርሳት ትንሽ አኘከች።

ዛሬ ሥራ ስለቀዘቀዘ ቀትር ላይ ቤት ነበርኩ። አዴ ሀ. ከሱቋ ተመልሳ በግቢው ስታልፍ፣ የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ሲሰማ ኮኮ አፏጨች። ከሚሚ ወዲህ የመጀመሪያዋ። አዴ ሀ. ቆመች። ወደ ሣጥኑ አየች። ቤቷ ገባች። ለካ የጎደለባት ሚሚ ብቻ አይደለችም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 14
አላስቻለኝም፣ ሱቋ ሄጄ ለምን ተውሻቸው ብዬ ጠየቅኳት። ስኳር እየመዘነች ነበር፤ ቀና አላለችም።
«አቦ፣ አንቺው አይደለሽ እንዴ አሳማ ናቸው ያልሽኝ?»

እኔው ነኝ። ግቢው ሁሉ የፈረንጅ ጥንቸል ነው የሚላቸው። ሚሚ ልትሞት ሰሞን፣ ፈረንሳይኛ አውቃለሁ ለማለት ያህል፣ ማዳም ‹ኮሾን ዳንድ› ትላቸው ነበር፣ ሲተረጎም የህንድ አሳማ ማለት ነው አልኳት። ሳቅኩም። እኔም ክርስቲያኗ አሳማ አልበላም፤ ስሙ ግን ያስቀኛል እንጂ አያስደነግጠኝም። እሷ መሳቅ አለመሳቋን እንኳ ልብ አላልኩም። ለካ ከዚያ ወዲህ ሣጥኑን መንካት ፈርታ፣ ለእኔ መንገሩን ደግሞ አፍራ፣ ራቅ ብላ ታልፍ ነበር።

«ወላሂ፣ ከሩቅ በባልዲ ብደፋበት ምን ነበር» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ስም ብቻ ነው፣ አሳማ አይደሉም ብዬ ማልኩላት። አንዴ ካልኩት በኋላ እንዴት ትመነኝ? ምላሴ በተቆረጠ። ለአንዲት ቃል ፈረንሳይኛ።

ሰኞ፣ ግንቦት 16
ኮኮ ከስታለች፤ ሳነሳት አጥንቷ እጄ ላይ ይቆረቁራል። አንዲት ግሪክ ደንበኛችን ቀሚስ ልትለካ መጥታ ነገሩን ሰማች። እሷ ቤት ሦስት አሉ። ቶሎ አምጪያት፣ ብቻዋን ከሆነች ትሞትብሻለች አለችኝ። አስብበታለሁ አልኩ። ምኑን ነው የማስበው? በሬን ስከፍት ሌላ የሚጠብቀኝ ስለሌለ ነው እንጂ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 18፣ ከሰዓት
ወሰድኳት። በጋሪ፣ በቅርጫት፣ ከነአሻንጉሊቷ። ሦስቱ መጥተው አሸተቷት። አንዷ ጥርሷን አንቀጫቀጨችባት። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ፤ ይዤያት ልመለስ ነው ብዬ። ከዚያ ኮኮ ቀስ ብላ ሣሩ መሃል ገባች። ከሁለቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆና በላች። በላች! አሻንጉሊቷን ረግጣት አለፈች። ባዶ ቅርጫት ይዤ በእግሬ መጣሁ።

አርብ፣ ግንቦት 20፣ ከሰዓት
ከጁምአ በኋላ አዴ ሀ. በሻሿ ጫፍ ሣር ቋጥራ መጣች። እንደምንም ደፍራ ሼኹን በሰው አስጠይቃለች። ሣር በላተኛ ናት፣ ስሟ አሳማ ስለተባለ አሳማ አትሆንም ብለዋል። እየሳቀች ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አለች። ኮኮ ብላ ጠራቻት።

ነገርኳት። ሣሩን እንደያዘች ቀረች። ሁለት ቀን ብቻ ብታገሥ ኖሮ። ነገ ሄደን እናምጣት፣ ጆንያውን እኔ፣ ውሃውን እኔ አለች። ልቤ ወዲያው እሺ አለ፤ አፌ ዘገየ።

እሷ ከሄደች ጀምሮ ሳስበው ቆየሁ። ብናመጣት የምንደሰተው እኔና አዴ ሀዋ ነን። ኮኮ ደግሞ ወደዚያው ጥግ ነው የምትመለሰው። ሁለታችን ተጋግዘን እንኳ አንዲት ሚሚ አንወጣም። አላመጣትም። አሁን ሄጄ እነግራታለሁ፣ ሐሳቤን ሳልለውጥ። ሣሩ ደጃፌ ላይ እንደተወችው ተቀምጧል።